«ታይድ» ማዕበል አይደለም

ዋሽንግተን ዲሲና አካባቢው የሚኖር ሐበሻ ሁሉ በመጋቢት መጨረሻ ላይ አንድ ቦታ ፎቶ ተነስቷል ማለት ይቻላል። ታይዳል ቤዚን ዳር። የቼሪ ዛፎቹ አበባ በአበባ ሲሆኑ ሕዝቡ ኩሬውን ይከበዋል። ሙሽሮች ይመጣሉ፣ የሀገር ልብስ የለበሱ ቤተሰቦች ይመጣሉ። ስለ ዛፎቹ ሁሉም ያወራል። በ1912 ከጃፓን በስጦታ እንደመጡ የሚያውቅም ብዙ ነው። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።) ስለ ኩሬው ስም ግን የሚጠይቅ ሰው እምብዛም አላጋጠመኝም። «ታይዳል» ሲሉ ምን ማለታቸው ነው?

ኩሬው ሲሠራ ለውበት አልነበረም። ሥራ ተሰጥቶት ነው የተቆፈረው። ፖቶማክ ወንዝ ዲሲ ላይ ከአፉ ከ150 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። እንዲያም ሆኖ ባሕሩ እዚያ ድረስ ይደርስበታል። ውሃው በቀን ሁለት ጊዜ ከፍ ይላል፣ ሁለት ጊዜ ዝቅ ይላል። ልዩነቱ አንድ ሜትር ገደማ ነው። ከፍ ሲል በወንዙ በኩል ያለው በር ይከፈትና ኩሬው ይሞላል። መውረድ ሲጀምር ያ በር ይዘጋና በሌላው ጫፍ ያለው ይከፈታል። የተጠራቀመው ውሃ በዚያ በኩል ወደ ዋሽንግተን ቻናል ሲወጣ ደለሉን ጠርጎ ይሄዳል። በሮቹን የሚገፋቸው ውሃው ራሱ ነው። ከጊዜ ብዛት የኩሬው ግንብ ስለሰመጠ ውሃው ከፍ ባለ ቁጥር የእግረኛውን መንገድ ያጥለቀልቀው ነበር። በ2024 ትልቅ ጥገና ተጀመረ፣ ከመቶ በላይ የቼሪ ዛፎችም ተቆረጡ። ሰው የወደዳት «ስተምፒ» የምትባለው ጉቶ መሳይ ዛፍ አንዷ ነበረች።

ይህ በቀን ሁለት ጊዜ ውሃውን የሚያነሳውና የሚያወርደው እንቅስቃሴ ነው «ታይድ» የሚባለው።

ቃሉን የምታገኙት ግን ውሃ ዳር ብቻ አይደለም። የእንግሊዝኛ ጋዜጣ ስትከፍቱ የጦርነት ዜና ላይ አለ፣ ምርጫ ላይ አለ፣ ኢኮኖሚ ላይ አለ፣ ስደት ላይ አለ። እንዲያውም በዜና ውስጥ ስለ እውነተኛ ባሕር የሚያወራበት ጊዜ ትንሽ ነው። ወደ አማርኛ ሲመጣ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ «ማዕበል» ይሆናል። «የጦርነቱ ማዕበል ተቀየረ»፣ «የስደተኞች ማዕበል» እንላለን። ማዕበል ግን ነፋስ የሚያስነሳው ነገር ነው። ይመጣል፣ ይመታል፣ ያልፋል። ታይድ ነፋስ አይፈልግም። ቅጠል በማይነቃነቅበት ቀን፣ ባሕሩ ፀጥ እንዳለ፣ ውሃው ቀስ እያለ ይነሳል። ስድስት ሰዓት ያህል ይሞላል፣ ስድስት ሰዓት ያህል ይሸሻል። ነገም፣ ከነገ ወዲያም እንደዚሁ። ይህን ልዩነት ካልያዝን እንግሊዝኛው የሚለው ግማሹ ያመልጠናል። ስለ ስደት የሚለውን በተመለከተ ደግሞ ሳይታወቀን ራሳችንን የሚጎዳ ነገር እንደግማለን። ወደ እሱ እመጣለሁ።

እኛ ሁለቱን ብናምታታ አይገርምም። የምናውቀው ውሃ ጣና ነው፣ ዝዋይ ነው፣ ሐዋሳ ነው። ሐይቅ ላይ ማዕበል አለ፤ ጣናን በታንኳ የተሻገረ ያውቀዋል። በዓይን የሚታይ ታይድ ግን የለም፣ ውሃው ለዚያ አይበቃም። ሜዲትራኒያን ዳር ያደጉትም ያው ነበሩ። ጁሊየስ ቄሳር ከክርስቶስ ልደት በፊት በ55 ዓመት ወደ እንግሊዝ ሲዘምት ከፊሎቹን መርከቦች ወደ ዳር ጎትቶ፣ ከፊሎቹን በመልሕቅ አስቁሞ ነበር። ሙሉ ጨረቃ ወጣች። ውሃው ሌሊት ተነሳና ዳር ያሉትን ሞላቸው፣ መልሕቅ የጣሉትን አጋጫቸው። ሰዎቹ በዚያ ባሕር ሙሉ ጨረቃ ታላቁን ሙላት እንደምታመጣ እንደማያውቁ ቄሳር ራሱ ጽፎታል። ዛሬም ቴል አቪቭ የሚያድግ ልጅ ታይድን በደንብ አያየውም፤ ልዩነቱ ግማሽ ሜትር እንኳን አይሞላም። ኩዌት የሠራች እህታችን ግን አይታዋለች። ባሕሩ ሲሸሽ ሰፊ ጭቃማ ሜዳ ይወጣል። ዓረቦቹ «መድ» እና «ጀዝር» ይሉታል። ሲያትል ያሉትም ያውቁታል። በሰኔና በሐምሌ ውሃው በጣም በሚወርድባቸው ቀናት ሰው ልጆቹን ይዞ፣ ቦት ጫማ አድርጎ፣ አልካይ ዳርቻ የባሕር ኮከብ ሊያይ ይወርዳል። እኔም ከዚህ በኋላ ሲነሳ «ሙላት»፣ ሲወርድ «ሽሽት» እለዋለሁ።

ታዲያ ውሃውን ማን ያነሳዋል? ዋናዋ ጨረቃ ናት፣ ፀሐይም ታግዛታለች። ነገሩን በስበት ሕግ ያስረዳው አይዛክ ኒውተን ነው፣ በ1687። የጨረቃ ስበት ለመላው ምድር እኩል አይደርስም። ወደ እሷ የዞረው ጎን ይበልጥ ይሳባል። የመሬት መሃል ከዚያ ያነሰ ይሳባል። ጀርባው ከሁሉም ያነሰ። ስለዚህ ፊት ለፊት ያለው ውሃ ከመሬት ቀድሞ ወደ ጨረቃ ያብጣል። ከጀርባ ያለው ደግሞ መሬት ስትሳብ እሱ ወደ ኋላ ይቀራል፣ በዚያ በኩልም ያብጣል። ብዙ ሰው የሚደናገረው እዚህ ጋ ነው። ጨረቃ አንድ ሆና ሙላቱ ለምን ሁለት ይሆናል? ምክንያቱም ሥራውን የሚሠራው የስበቱ ብዛት ሳይሆን በዚህኛውና በዚያኛው ጎን ያለው ልዩነት ነው።

መሬት ስትሽከረከር እያንዳንዱ ዳርቻ በሁለቱም እብጠቶች በኩል ያልፋል። በቀን ሁለት ሙላት የሚመጣው ለዚህ ነው። ጨረቃ ራሷም መንገድ ላይ ስለሆነች መሬት መልሳ እስክትደርስባት 24 ሰዓት ከ50 ደቂቃ ይፈጃል። ከሙላት እስከ ሙላት 12 ሰዓት ከ25 ደቂቃ ነው ማለት ነው። ዛሬ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ የሞላ ባሕር ነገ ጠዋት 3 ሰዓት ከ50 ገደማ ላይ ይሞላል።

ፀሐይ ግዙፍ ብትሆንም ሩቅ ናት። ድርሻዋ ከጨረቃ ድርሻ ግማሽ አይሞላም። ጨረቃ ስትወለድና ሙሉ ስትሆን ግን ሁለቱ ከመሬት ጋር በአንድ መስመር ይሰለፋሉ፣ ጉልበታቸው ይደመራል። ያኔ ሙላቱ ከወትሮው ይበልጣል፣ ሽሽቱም ከወትሮው ይርቃል። «ስፕሪንግ ታይድ» ይሉታል። ስሙ የጸደይን ወቅት ይመስላል እንጂ ከወቅት ጋር ግንኙነት የለውም፣ ዓመቱን ሙሉ በየሁለት ሳምንቱ ይመጣል። ጨረቃ ግማሽ በሆነችበት ሰሞን ሁለቱ በተለያየ አቅጣጫ ስለሚስቡ ልዩነቱ ይጠባል። ያ «ኒፕ ታይድ» ነው። ባሕረ ሐሳብ የተማረ ሰው ሠርቀ ሌሊትን፣ ማለትም የጨረቃዋን ዕድሜ፣ ቆጥሮ ትልቁ ሙላት በየትኛው ሰሞን እንደሚሆን ባሕሩን ሳያይ ሊናገር ይችላል። ይህን ልብ በሉልኝ። ታይድ ድንገተኛ ነገር አይደለም። የከርሞው ሰዓት ከአሁኑ ተሰልቶ በሰንጠረዥ ይታተማል።

መጠኑ ግን ከቦታ ቦታ ይለያያል። ውሃ የሞላ ሳፋ ተሸክማችሁ ስትሄዱ እርምጃችሁ ከውሃው ውዝዋዜ ጋር ከገጠመ ውሃው ጠርዙን አልፎ ይፈሳል። የካናዳው ፈንዲ ባሕረ ሰላጤ እንዲህ ነው። ውሃው ከጫፍ ጫፍ የሚወዛወዝበት ጊዜ ከታይዱ ጊዜ ጋር ሊገጥም ትንሽ ነው የቀረው። በዚህ ምክንያት በሙላትና በሽሽት መካከል ያለው ልዩነት 16 ሜትር ይደርሳል፣ በዓለም አንደኛ ነው። የእኛው ቀይ ባሕርም ረጅምና ጠባብ ሳፋ ነው። ሰሜኑ ሲሞላ ደቡቡ ይሸሻል፣ ደቡቡ ሲሞላ ሰሜኑ ይሸሻል። መሃል ላይ፣ ፖርት ሱዳን አካባቢ፣ ከፍና ዝቅ ማለቱ ከቁጥር የሚገባ አይደለም። በሁለቱ ጫፎች ግን ይታያል።

በሰሜን ጫፍ ያለው ስዊዝ ሁለት ታሪክ አለው። የመጀመሪያው የናፖሊዮን ነው። በ1798 መጨረሻ ግብፅን በያዘበት ወቅት፣ ስዊዝ አጠገብ ባሕሩ በሸሸበት ሰዓት በፈረስ ተሻገረ። ሲመለስ መሽቷል፣ ውሃውም ተነስቷል። ከነአጃቢዎቹ ለጥቂት ተረፈ።

ሁለተኛውን ሁላችንም በስልካችን አይተነዋል። በማርች 23 ቀን 2021 «ኤቨር ጊቭን» የተባለችው 400 ሜትር የምትረዝም መርከብ ከስዊዝ ከተማ ትንሽ ወጣ ብሎ ቦዩን ዘግታ ተጋደመች። ከ18,000 በላይ ኮንቴይነር ጭናለች። ከኋላና ከፊት ከ300 በላይ መርከቦች ቆሙ። ከአውሮፓ ወደ ጅቡቲ የሚመጣው ዕቃ በዚያው ቦይ ስለሚያልፍ ለእኛም የሩቅ ወሬ አልነበረም። ማሽኖች አሸዋ ቆፈሩ። ጎታች ጀልባዎች ተረባረቡ። አልንቀሳቀስ አለች። ሠራተኞቹ ግን የሚጠብቁት ቀን ነበራቸው። ማርች 28 ሙሉ ጨረቃ ነበረች። በማግስቱ ስፕሪንግ ታይዱ ውሃውን ከወትሮው ከፍ ሲያደርገው መርከቧ ከአሸዋው ተላቀቀች።

አሁን ወደ ቃሉ እንምጣ። በጥንቱ እንግሊዝኛ «ታይድ» ከባሕር ጋር የሚያገናኘው ነገር አልነበረም። ትርጉሙ ጊዜ ነው። ጀርመኖቹ ጊዜን «ጻይት» ይሉታል፣ የአንድ ሥር ልጆች ናቸው። የገናን ሰሞን «ክሪስማስታይድ»፣ ማምሻውን «ኢቭንታይድ» የሚሉት ከዚያ የተረፈ ነው። «ታይዲ» የሚለው ቃልም ዛሬ የተስተካከለና ንጹሕ ማለት ሆነ እንጂ በፊት «በጊዜው የሆነ» ማለት ነበር። የባሕሩ ትርጉም የመጣው ዘግይቶ፣ በመካከለኛው ዘመን መገባደጃ ላይ ነው። መጀመሪያ ባሕሩ የሚሞላበትን ጊዜ፣ ቀጥሎ ሙላቱን ራሱን ያዘ።

ስለዚህ «ታይም ኤንድ ታይድ ዌይት ፎር ኖ ማን» የሚለውን የታወቀ አባባል ስትሰሙ ሁለት ንብርብር አለው። ዛሬ የሚሰማው ሰው ጊዜና የባሕር ሙላት ማንንም አይጠብቁም ብሎ ይረዳዋል። ከሥሩ ግን ሁለቱም ቃላት ጊዜ ነበሩ፣ እኛ «ጊዜና ሰዓት» ብለን እንደምንደርበው። «ጊዜ የሰጠው ቅል ድንጋይ ይሰብራል» እንላለን። እንግሊዞቹ ታይዱ ከእሱ ጋር ነው የሚሉት ሰው ይኸው ጊዜ የሰጠው ሰው ነው። በእኔ አስተያየት ለአብዛኞቹ የዘይቤ አገላለጾች ከ«ማዕበል» ይልቅ «ጊዜ» ይቀርባቸዋል። ጊዜው ዞረ። ጊዜው ከዳው። ከጊዜው ጋር ነጎደ። ማንም አማርኛ ተናጋሪ ያለ ማስታወሻ ይገባዋል።

ከዘይቤዎቹ ሁሉ በጣም የሚዘወተረው «ታይዱ ዞረ» የሚለው ነው። ይህን ለመረዳት አንድ ወደብ በዓይነ ኅሊናችሁ እዩ። መርከብ መልሕቅ ጥላ ስትቆም አፍንጫዋን ውሃው ወደሚመጣበት አቅጣጫ ታዞራለች። ሙላቱ ሲያበቃ ውሃው ለጥቂት ደቂቃ ይቆማል። አይመጣም፣ አይሄድም። ከዚያ መርከቦቹ አንድ በአንድ ቀስ ብለው ይዞራሉ። ዳር ላይ የቆመ ሰው አሸዋው ተገልጦ አላየም። ከፍታውም የወረደ አይመስልም። ታይዱ ግን ዞሯል። እንግሊዝኛው ስለ ጦርነት ይህን ሲል ድል ተገኘ ማለቱ አይደለም። አቅጣጫው ተቀየረ ማለቱ ነው፣ ውሃው ገና እዚያው ከፍታ ላይ እያለ። ስለ ኤል አላሜይንና ስለ ስታሊንግራድ እንዲህ ይባላል። ሁለቱም በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በ1942 የተጀመሩ ወይም የተደረጉ ውጊያዎች ናቸው፣ ጦርነቱ ግን እስከ 1945 ሰው ሲበላ ቆይቷል። «ማዕበሉ ተገለበጠ» ስንል ሁሉም ነገር በአንድ ቀን ያለቀ ይመስላል። አቅጣጫና ከፍታ ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸው ይጠፋል።

በዚያው ጦርነት እውነተኛው ታይድም ወሳኝ ነበር። የኖርማንዲ ወረራ ቀን ሲመረጥ ወታደሮቹ ውሃው በሸሸበትና መነሳት በጀመረበት ሰዓት፣ ንጋት አካባቢ መውረድ ነበረባቸው። ጀርመኖች ዳርቻው ላይ የተከሉት መሰናክል እንዲታይ፣ ጀልባዎቹም አሸዋ ላይ እንዳይቀሩ። አየር ወለዱ ደግሞ የጨረቃ ብርሃን ፈለገ። ሁሉም የሚገጥምባቸው ቀናት በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። ሰዓቱን ያሰላው አርተር ዱድሰን የተባለ ሰው ነው፣ ሊቨርፑል አጠገብ፣ ጥርስ ባላቸው ጎማዎች በሚሠራ ማሽን። ለምስጢር ሲባል የቦታው ስም አልተነገረውም፤ በኮድ «ዜድ» ተብሎ ቁጥሮቹ ብቻ ተላኩለት። ጁን 5 በአየር ጠባይ ምክንያት ሲታለፍ ጁን 6 ቀን 1944 ሆነ።

ስለ ንጉሥ ክኑት የሚባለውም ያናድደኛል፣ ምክንያቱም ሰውየው ያለ ኃጢአቱ ነው የሚታማው። ክኑት ከ1016 እስከ 1035 እንግሊዝን የገዛ ንጉሥ ነው። ታሪኩ የተጻፈው እሱ ከሞተ መቶ ዓመት ገደማ ካለፈ በኋላ ነው። ዙፋኑን ባሕር ዳር አስቀምጦ ሙላቱን «እንዳትነካኝ» ብሎ አዘዘ፣ ውሃው መጥቶ እግሩን አራሰው። ዛሬ ፖለቲከኛን «እንደ ክኑት» ሲሉት የማይቆመውን ላቁም የሚል እብሪተኛ ማለታቸው ነው። የተጻፈው ተቃራኒው ነው። ንጉሡ የሥልጣኑን ከንቱነት ለማሳየት ነው ያደረገው፣ ከዚያ በኋላም የወርቅ ዘውዱን አልጫነም፣ በስቅለቱ ምስል ላይ አኖረው ይላል።

አሜሪካ ያላችሁ የምትሰሙት ሌላ አገላለጽ አለ። ደሞዝ ሳይደርስ ገንዘብ ያለቀበት ሰው ትንሽ ሲበደር «ቱ ታይድ ሚ ኦቨር» ይላል። ይህ ማዕበል ቢባል ጭራሽ ትርጉም አይሰጥም። ምንጩ መርከበኞች ናቸው። ነፋስ ከጠፋ ሸራ ሥራ የለውም። ያኔ ታይዱ ወደሚፈልጉት አቅጣጫ ሲሄድ አብረውት ይሄዳሉ፣ ሲቃወማቸው መልሕቅ ጥለው ይቆማሉ፣ እንደገና ሲመቻቸው ይነሳሉ። እንግሊዛዊው ካፒቴን ጆን ስሚዝ በ1627 ቃሉን እንዲሁ ነው ያስረዳው። ወደፊት ለመሄድ አቅም የለም፣ ወደ ኋላ ላለመወሰድ ግን ዘዴ አለ። አማርኛው «ማዝለቂያ» ነው። «ይቺ መቶ ዶላር እስከ ዓርብ ታዘልቀኛለች» ካላችሁ ሙሉውን ተርጉማችሁታል።

ስለ ኢኮኖሚ የሚነገረው ደግሞ «ሙላት ሲመጣ ጀልባዎች ሁሉ ይነሳሉ» የሚል ነው። ጆን ኤፍ ኬኔዲ በኦክቶበር 3 ቀን 1963 አርካንሳስ ውስጥ ግድብ ሲመርቅ ተናግሮታል፣ ከባሕር በጣም በራቀ ቦታ። ሐሳቡ ግልጽ ነው። ሀገር ካደገ ሁሉም ያድጋል። ባሕር የሚያውቅ ሰው ግን ቶሎ ሁለት ነገር ይጠይቃል። ጀልባ የሌለውስ? ሌላው ብዙም የማይነሳ ነው። ውሃው በወረደበት ሰዓት በአጭር ገመድ ከግንብ ጋር የታሰረች ጀልባ ሙላት ሲመጣ አትነሳም። ገመዱ ወደ ታች ይዞ ያጋድላታል፣ ውሃ ይገባታል። በአጭር የታሰረን ሰው ያው እድገቱ ነው የሚያሰምጠው። የቤት ኪራይ ከደሞዙ ቀድሞ የሚሮጥበት ሰው ይህን ለማስረዳት ባሕር ማየት አያስፈልገውም። ኢንቨስተሩ ዋረን ቡፌት ደግሞ ሽሽቱን ነው የተጠቀመበት። ማን ራቁቱን ሲዋኝ እንደነበር የሚታወቀው ባሕሩ ሲሸሽ ነው ይላል። ገበያው ሲሞላ ሁሉም ነጋዴ ጎበዝ ይመስላልና ጥሩ አባባል ነው።

«ታይዳል ዌቭ» የሚባለውን በአጭሩ ልለፈው። ሱናሚን በዚህ ስም መጥራት ስህተት ነው። ሱናሚን የሚያስነሳው አብዛኛውን ጊዜ ከባሕር በታች የሚከሰት የመሬት መንቀጥቀጥ ነው። ጨረቃ የለችበትም፣ በሰንጠረዥም አይታተምም። በዲሴምበር 26 ቀን 2004 ከኢንዶኔዥያ ተነስቶ ሶማሊያ ድረስ ሰው የገደለው ውሃ ታይድ አልነበረም።

ስደት ላይ ደረስን። «የስደተኞች ታይድ»፣ «እየጨመረ የሚሄደው ታይድ»፣ «ታይዱን መግታት»። እነዚህን አገላለጾች ከአውሮፓም ከአሜሪካም ጋዜጦችና ፖለቲከኞች አፍ በየጊዜው እንሰማለን። እኛም «ማዕበል» እያልን እንደግማቸዋለን። ጅቡቲ ካለው ኦቦክ በጀልባ ወደ የመን የሚሻገሩት ልጆች የእኛው ልጆች ናቸው። እናት አላቸው፣ ስም አላቸው፣ የሸጡት በሬ አለ። ታይድ ሲባሉ ግን ፊታቸው ይጠፋል፣ ውሃ ይሆናሉ። ሌላም የሚጠፋ ነገር አለ። ታይድ አድራጊ የለውም። ማንም አላስነሳውም፣ ማንም አይጠየቅበትም። ደላላው፣ ጀልባውን ከልክ በላይ የጫነው፣ መንገዱን የዘጋው፣ ሥራ ሰጥቶ ደሞዝ የሚከለክለው ሁሉ በዚህ አንድ ቃል ውስጥ ይደበቃል።

ይህን የምለው እውነተኛው ታይድ ስደተኞችን የገደለበት ቀን ስላለ ነው። ሰሜን ምዕራብ እንግሊዝ፣ ሞርካም ቤይ፣ ፌብሩዋሪ 5 ቀን 2004። ቦታው ባሕሩ ሲሸሽ ለብዙ ኪሎ ሜትር አሸዋ የሚወጣበት ሰፊ ባሕረ ሰላጤ ነው። አሸዋው ውስጥ ኮክል የሚባል ባለ ቅርፊት የባሕር እንስሳ ይለቀማል፣ ይሸጣል። ወረቀት የሌላቸው ቻይናውያን ሠራተኞች በዚያ ምሽት ለቀማ ላይ ነበሩ። የአካባቢው ለቃሚዎች ከሰዓት በኋላ ሲወጡ አይተዋቸዋል። ቋንቋ ስላልተግባቡ የእጅ ሰዓታቸውን በጣት እየነኩ ሊያስጠነቅቋቸው ሞክረው ነበር።

እዚያ ውሃው ከፊት ለፊት እንደ ግድግዳ አይመጣም። አሸዋው ሜዳ ይመስላል እንጂ ቦዮች አሉት። ሙላቱ መጀመሪያ እነዚህን ቦዮች ነው የሚሞላው። ሰውየው ደረቅ አሸዋ ላይ ቆሞ፣ እግሩ ሳይርስ፣ ውሃው ከኋላው ዞሮ የመመለሻ መንገዱን ይቆርጠዋል። እያሳሳቀ የሚወስድ ውሃ የምንለው ይህ ነው። በዚያ ላይ ጨለማ፣ የፌብሩዋሪ ብርድ፣ የሚያሰምጥ አሸዋ። እርዳታ ለመጥራት ስልክ የደወሉ ነበሩ። ቢያንስ 21 ሰዎች ሞቱ።

ታይዱ በሰዓቱ ነው የመጣው። ሰዓቱም ታትሞ ነበር። ሰንጠረዡን የማያነቡ ሰዎችን፣ የማያውቁት ባሕር ላይ፣ በዚያ ሰዓት ያሰማራ አለቃ ነበራቸው። ፍርድ ቤቱ በ2006 ሰው በመግደል ጥፋተኛ ብሎ 14 ዓመት ፈረደበት። ከአደጋው ወራት በኋላ፣ በዚያው በ2004፣ የእንግሊዝ ፓርላማ ለእርሻና ለባሕር ለቀማ ሠራተኛ የሚያቀርብ ማንም ሰው ፈቃድ እንዲያወጣ የሚያስገድድ ሕግ አወጣ። ያለ ፈቃድ ማሰማራት ወንጀል ሆነ፣ ፈቃድ ከሌለው ሰው ሠራተኛ የሚወስድ ድርጅትም አብሮ ይጠየቃል።